የካርትያኒ ጣት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚዛን ይዤ ኖርሁ፣
የመንግሥትን ሩዝ ስሰፍር፣ ስቆጥር ከረምሁ፤
በአላፑዛ ቦይ ዳር፣ በቆርቆሮዋ ሱቅ፣
ጀልባ ባለፈ ቁጥር ውሃው ደጃፌን ሲያጥለቀልቅ።
ሱዳካራን እባላለሁ። ሀብታም አይደለሁም፤
ደግ ነው ያለኝም፣ ክፉ ያለኝም የለም።
ወንፊት ነበርሁ እኔ፤ የሚያልፈው ያልፋል፣
ሕግ ያገደው ደግሞ ከላዬ ይተርፋል።

ካርትያኒ ግን—
ገመድ ትፈትላለች ከኮኮናት ልጣጭ፣
ከልጅነት አንስቶ መዳፏን ስታፋጭ፤
የስልሳ ዓመት ቃጫ የጣቷን ጫፍ በልቶ፣
እንደ ወንዝ ጠጠር መስመሩን አጥፍቶ።

ያ ማሽን የመጣ ቀን፣ ጥቁሩ፣ ባለ መስታወት፣
«ጣትሽን አሳርፊ» አልኋት። አሳረፈች። አላወቃት።
«አልተገኘም» አለ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣
ግራ ቀኙን ሞከርን፤ ቀይ ነው ሁሉም መብራት።
«ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችው ለማሽኑ፤
ሰልፈኛው ሳቀባት፣ አዋቂው ሕፃኑ።
እኔም ፈገግ አልሁ።
ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያመኛል።

ሌላም ደጅ ነበረ፤ የቫርጊስ፣ የቅመም ነጋዴው፣
በየበዓሉ ዋዜማ ጆንያ የሚደረድረው፤
መስጠቱን ይሰጣል፣ ነጩን፣ ነቀዝ ያልነካውን፣
ከኔ ሩዝ የሚሻለውን፤ እውነቱን እንናገር፣ እውነቱን።
ግን ፎቶ አንሺው አለ፤ «ቀና በይ እማማ፣
እስቲ ስሙ ይታይ፣ ጆንያውን እቀፊማ!»
ሥዕሏ ተሰቀለ በአውቶቡስ ማቆሚያ፣
እሷ ከነጆንያዋ፣ የዓመት ማስታወቂያ፤
ልጇ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።
«ሩዙ በሳምንት አለቀ» አለችኝ፣ «እኛ በላነው፤
ፎቶው ነው እንጂ ዓመት ሙሉ እኛን የበላው።»

ታዲያ ያን ቀን፣ ቀዩ መብራት ሲመልሳት፣
ከራሴ ድርሻ ሰፍሬ «እንቺ፣ ውሰጂ» ብላት፣
ዘንቢሏን አጠፈች፤ አየችኝ ቆይታ፤
«ያንተን መች ለመንሁህ?» አለችኝ በእርጋታ፣
«የኔን ስጠኝ፣ የኔን፤ በስሜ የመጣውን።
ረሃቡን ለምጄዋለሁ፤ አልለመድሁም ይኸን፣
በቁሜ ‹የለሽም› መባልን።»

ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጣቷን ዘይት ቀብታ፣
በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ጫጩት ከደረቷ አስጠግታ፤
አሥራ አንደኛው ሙከራ ላይ አረንጓዴ በራ።
ሰልፉ ዝም አለ፤ ሩዙ ብቻ ነበር የሚያወራ፣
ከስፍሪያው ወደ ዘንቢሏ ሲንሿሿ በተራ።

ደግሞ እንዳልዋሽ፤ ጎርፉ በመጣበት ዓመት፣
ሱቄ ከነመዝገቡ ውሃ ውስጥ ሲሞት፣
መንግሥት ገና በስልክ «እየመጣን ነው» ሲል፣
የቫርጊስ ጀልባ መጣች፣ በፋኖስ ጭልጭል፤
እሱ ራሱ ይቀዝፋል።
ስም አልጠየቀ፣ ካርድ አልጠየቀ፣ ካሜራም አልነበረ፤
ካርትያኒን ከጣሪያ አውርዶ፣ አዝሎ አሻገረ።
ከእጁ በላች። አመሰገነችም።
ያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ ፍርዴ ይቀልል ነበር።

አሁን ሞታለች። ማሽኑ ግን አልሰማም፤
በየወሩ መግቢያ ስሟን አይረሳም፤
«ካርትያኒ፣ አምስት ኪሎ»፤ ይጠራታል፣ ይጠብቃል፤
በቁሟ ያላወቃት፣ ከሞተች በኋላ ያውቃል።
አስከሬኗ የነደደበትን እንጨት ቫርጊስ ነው የላከ፤
በአንዱም ጉማጅ ላይ ስሙ አልተለከከ።

ትናንት አንዲት ሴት መጣች፣ ባዕድ፣ ከማዶ መንደር፣
አውራ ጣቷ ልሙጥ፣ ልክ እንደዚያ ጠጠር።
ማሽኑን በፎጣዬ ሸፈንሁት።
አምስት ኪሎ ሰፈርሁ፤ ሚዛኗ እስክትረጋ ጠበቅሁ።
«የማን ነው?» አለች፣ ዘንቢሏን ሳትከፍት።
«ያንቺ ነው» አልኋት። «በስምሽ የመጣ።»
ስሟን ገና አልጠየቅኋትም ነበር።